«ለቅሶ ያለበት ኬዝ ለሴቶቹ ይሰጥ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ፊልድ ልምምድ ትንሽ ነገር ጣል አድርጌ ነበር፣ እሱን ተከትሎ ከሶሻል ወርክ (የማህበራዊ ስራ ሙያ) ተማሪዎችና አስተማሪዎች የመጣው ጥያቄ ስለበዛ ይሄን እትም ለነሱ ለቀቅኩላቸው። የሚገርመው ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ነው ሚያርፈው፣ የወንድና የሴት አወራር ይለያያል ወይ፣ ሚለያይ ከሆነስ በዚህ ሙያ ማን ይሻላል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ የሰውና የትምህርት ቤት ስምም ሰርዣለሁ።

ጥያቄ፦

ሰላም እትዬ። የሶስተኛ አመት የሶሻል ወርክ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ዲስከሽን ሲኖር ሚያወሩት ወንዶቹ ናቸው፣ እኔ እጄን አውጥቼ እድሉ እስኪደርሰኝ ርዕሱ ያልፋል፣ ወይ ደግሞ ቀስ ብዬ ያልኩትን አንዱ ጮክ ብሎ ይደግመውና አስተማሪው «ጥሩ ነጥብ» ይለዋል። ግሩፕ ወርክ ላይ ፅሁፉን ምሰራው እኔ፣ ፕሬዘንት ሚያደርገው እሱ። ፓርቲሲፔሽን 10 ማርክ አለው፣ 4 ተሰጠኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ሶሻል ወርከር ድምፅ ያስፈልጋታል፣ አንቺ ድምፅ የለሽም» ተባልኩ። ፊልድ ላይ ግን ሱፐርቫይዘሬ በጣም ጎበዝ ነሽ ትለኛለች። የቱ ነው ልክ? አወራሬን መቀየር አለብኝ?
ከኋላ ወንበር

መልስ፦

እህቴ፣ ሁለቱን ላስታርቅልሽ ብል ይቻል ነበር ግን አላደርገውም፣ ልክ ሱፐርቫይዘርሽ ናት። አስተማሪሽ በዛች 10 ማርክ የለካው ማን ቀድሞ አፉን እንደሚከፍት ነው። እሷ ያየችው ደግሞ ክላየንት (ባለጉዳይ) ፊት ተቀምጠሽ ምን እንደምትሰሪ ነው፣ ለዲግሪው የመጣሽው ለሁለተኛው መሰለኝ።

እስቲ ክፍሉን ራሱን እንየው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያው ቢያንስ በወረቀት ደረጃ። በእንግሊዝኛ ተሳስቶ መናገር ዋጋ ያስከፍላል፣ ዋጋው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ወንዱ ሰዋስው ሰባብሮ ቢናገር ትንሽ ይሳቅና ያልፋል፣ እንደውም ደፋር ይባላል። ሴቷ ስትሳሳት ከኋላ «በድጋፍ ነው የገባችው» የምትል ሹክሹክታ ትሰማለች። ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል፣ ያ የተደረገው ልጅቷ ውሃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር የጠፋባትን የጥናት ሰአት ለማካካስ ነው፣ ክፍል ውስጥ ግን ሳትጠየቅ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣችውም ላይ ሳይቀር እንደ ታርጋ ይለጠፍባታል። ስለዚህ ሴቷ ከመናገሯ በፊት አረፍተ ነገሯን በሆዷ አርማ አርማ ትጨርሳለች፣ እስክትጨርስ ደግሞ ሁለት ወንዶች ተናግረዋል። ይሄን «የሴት ተፈጥሮ» ብሎ መጥራት ትንሽ ይከብዳል፣ እኔ ብሆንም እንደዛ ነበር ማሰላው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ክፍሉ ለግሩፕ ስራ ተበትኖ ወሬው ወደ አማርኛ ወይ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር ማን እንደሚያወራ ቁጠሪ፣ አሰላለፉ ይቀየራል።

ጥናቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጃኔት ሃይድ የምትባል አሜሪካዊት የስነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ቀደም ብለው የወጡ 46 ሜታ አናሊሲሶችን (ብዙ ጥናት ባንድ ላይ ጨምቀው ሚያዩ ማለት ነው) ሰብስባ አየቻቸው፣ ከተለኩት የወንድና የሴት ልዩነቶች ውስጥ 78 ከመቶው ወይ ዜሮ ሊባል የቀረበ ወይ ትንሽ ሆኖ ነው ያገኘችው። በ2007 ካምቤል ሊፐርና ሜላኒ አይረስ ደሞ በቀጥታ አወራር ላይ ያተኮረ ተመሳሳይ ስራ ሰሩ፣ ወንዶች በጥቂቱ ብዙ ይናገራሉ፣ ሴቶች በጥቂቱ የሚያቀራርብ ነገር ያበዛሉ፣ ጥቂቱ ግን እውነትም ጥቂት ነው፣ የተናገረውን ሰው ፆታ ሸፍነሽ ንግግሩን ብቻ ብታነቢ ማን እንደሆነ ለመገመት ብዙም አይረዳሽም። ታዲያ ክፍልሽ ውስጥ ልዩነቱ ለምን ሰፋ? ማን ቢሳሳት እንደሚሳቅበትና ማን ቢናገር እንደሚደመጥ ቀድሞ ስለሚታወቅ ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ። አወራርሽን አትቀይሪ፣ ሰአትሽን ቀይሪ። ውይይቱ ሳይሞቅ ገና ሲጀመር ተናገሪ፣ አንድ አጭር ነገር ቢሆንም፣ ምክንያቱም አንዴ የተናገረ ሰው ሁለተኛ መናገር አይከብደውም፣ ሰላሳ ደቂቃ ዝም ያለ ሰው ግን አፉ ይተሳሰራል። ሀሳብሽን አንዱ ሲደግመው «አዎ ቅድም ያነሳሁት ይሄን ነበር፣ አንድ ነገር ልጨምርበት» በይ፣ ፊትሽን ሳታኮሳትሪ፣ ጥል አያስፈልገውም። ከጓደኛሽ ጋር ተነጋገሩና እሷ ስትናገር አንቺ በስሟ ጥሪያት፣ «እሷ እንዳለችው» በይ፣ እሷም ላንቺ፣ ይቺ ነገር ቀላል ትመስላለች ግን ክፍሉ የሀሳቡን ባለቤት እንዲያስታውስ ታደርጋለች። ግሩፕ ወርክ ላይ ማን እንደሚፅፍና ማን እንደሚያቀርብ መጀመሪያ ቀን ወረቀት ላይ አስፍሩት፣ በየተራ። ስለ 4ቱ ማርክ ደግሞ በትህትና ሂጂና «ፓርቲሲፔሽን በምን በምን ነው ሚለካው» ብለሽ ጠይቂ። መስፈርት ካለው ያሳይሻል፣ ከሌለውም መልሱን ሲፈልግ ራሱ ይሰማዋል።

ይሄን ሚያነብ አስተማሪ ካለ አንድ ነገር። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለካች፣ በአማካይ ወደ 1 ሰከንድ ነው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያሳድጉት መልሱ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩት ልጆችም መናገር ጀመሩ። ሁለት ሰከንድ እኮ ነው። ከውይይት በፊት አንድ ደቂቃ ሁሉም በወረቀት ይፃፍ ብትሉ ደግሞ ከዛም በላይ ታያላችሁ። ድምፅ ለተነፈገ ሰው እንቆማለን ብሎ ሚያስተምር ትምህርት ክፍል ውስጥ «ድምፅ የለሽም» ተብሎ ማርክ ሲቆረጥ መስማት ግን ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽ ደግሞ ያናድዳል።

ጥያቄ፦

እትዬ እንደምን አለሽ። ወንድ ነኝ፣ ዘንድሮ ተመራቂ። ፊልድ ላይ አንዲት እናት መጡ፣ ልጃቸው ጎዳና ወጥቶባቸው፣ ገና ማውራት ሲጀምሩ አለቀሱ፣ እኔ ደንግጬ ወዲያው ስለ ማቆያ ማዕከል፣ ስለ ወረዳ ሴቶችና ህፃናት ቢሮ፣ ማን ጋ መሄድ እንዳለባቸው ማስረዳት ጀመርኩ፣ ሴትዮዋም ዝም አሉ፣ «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ፣ አልተመለሱም። ሱፐርቫይዘሬ ቀጣዩን ለክላስሜቴ ሰጠቻት፣ «ለቅሶ ያለበት ኬዝ ለሴቶቹ ይሰጥ፣ ሴቶቹ ይችሉበታል» ብላ። ሮል ፕሌይ (ክፍል ውስጥ ባለጉዳይና ባለሙያ ሆነን ምንለማመደው) ላይም «ፖሊስ መሰልክ» ተብያለሁ። ወንድ ለዚህ ስራ አልተፈጠረም ማለት ነው?
ተመራቂው

መልስ፦

አይደለም ወንድሜ። ግን ሴትዮዋ ለምን እንዳልተመለሱ እንነጋገር።

አንተ ላይ የታየው ነገር ስም አለው። ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለውን የምክር ዘዴ ያመጡት ዊልያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ ደጋግመው ሚያስጠነቅቁት ነገር ነው፣ የተበላሸ ነገር ስናይ ቶሎ ለማቅናት ውስጣችን ሚነሳው ግፊት። እነሱ ወንዶችን ለይተው አልተናገሩም፣ ረዳት ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ላይ አለ ነው ሚሉት፣ ሴት ነርስም ሴት አስተማሪም ላይ አይቼዋለሁ። ልዩነቱ ወንድ ልጅ ከልጅነቱ «መፍትሄ አምጣ» እየተባለ ስለሚያድግ ግፊቱ ቶሎ አፉ ላይ ይደርሳል። ሴትዮዋ ሲያለቅሱ ያንተም ሆድ ተረብሿል፣ ስለ ወረዳው ማስረዳቱ እሳቸውን ሳይሆን አንተን ነው ያረጋጋው።

ሴቶቹ በተፈጥሮ ይችሉበታል ለሚለው ደግሞ አንድ ምወደው ጥናት አለ። ክሪስቲ ክላይንና ሳራ ሆጅስ በ2001 ያወጡት ነው፣ ሰዎች የሌላን ሰው ስሜት ምን ያህል በትክክል እንደሚገምቱ ለኩ። በአንዱ ሁኔታ ሴቶቹ በለጡ። ከዛ «በትክክል ለገመተ ገንዘብ እንከፍላለን» ሲሉ ግን የሁለቱም ውጤት ተሻሻለና ልዩነቱ ጠፋ። እንግዲህ ብር ሲመጣ ሚመጣ ችሎታ ድሮም ነበረ ማለት ነው፣ የጠፋው ልብ ማለት ነው።

እና አንተ ደግሞ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ አታውቅም ማን አለህ? ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ገብተህ «እግዜር ያፅናችሁ» ብለህ ሁለት ሰአት ተቀምጠህ አታውቅም? የሀገራችን ወንድ እኮ ሀዘንተኛ አጠገብ ምንም ሳይመክር መቀመጥን ከአባቱ ተምሮታል፣ እዛ ማንም ተነስቶ «የመፍትሄ አቅጣጫ» አያቀርብም። ቢሮ ስትገባና ፎርም ስትይዝ ነው ሚጠፋህ። ያንን መቀመጥህን ይዘኸው ግባ። እናትየው ሲያለቅሱ ወረቀቱን ገልብጠው፣ እስክሪብቶውን አስቀምጥ፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ከዛ «ከባድ ነው፣ እስካሁንም እንዴት እንደቻሉት» የመሰለ ነገር በል፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን አንተ ቤት ሚባለውን። ወረዳው አይጠፋም፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላም እዛው ነው።

ለሮል ፕሌዩ፣ ከጓደኛህ ጋር አንድ ህግ አውጡ፣ ለመጀመሪያው አስር ደቂቃ ምክር ክልክል ነው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት ደግሞ ሰውየው ያለውን ባጭሩ መልሰህ ማለት አለብህ። ፖሊስ ያስመሰለህ ድምፅህ መጎርነኑ እንዳይመስልህ፣ «መቼ ወጣ? ስንት አመቱ ነው? ከማን ጋር ነው?» እያሉ መደርደር ነው፣ ቀጭን ድምፅ ያላትም ልጅ እንደዛ ብትደረድር ፖሊስ ትመስላለች። ፕሮሰስ ሪከርዲንግ ካስተማሯችሁ ስራበት፣ በአንዱ ረድፍ የተባባላችሁትን፣ ባጠገቡ ያን ሰአት አንተ ምን እንደተሰማህ ፃፍ፣ ሶስተኛውን ረድፍ ለሱፐርቫይዘርህ ተውላት። «ደነገጥኩ» ብለህ የፃፍክበትን መስመር ስታይ ወረዳው ለምን ቀጥሎ እንደመጣ ይገባሃል።

ሱፐርቫይዘርህ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ለቅሶ ያለበትን ሁሉ ለሴቶቹ ስትሰጥ አንተ ሳትለማመድ ትመረቃለህ፣ ሴቶቹ ደግሞ የሰፈሩን ሀዘን ሁሉ ብቻቸውን ተሸክመው አንድ አመት ሳይሰሩ ይደክማሉ፣ ከዛ ሙያውን ለቃ ሌላ ስራ ስትፈልግ «ሴቶች አይበረቱም» ይባላል። ሄደህ «ቀጣዩ ለቅሶ ያለበት ኬዝ ላይ አንቺ ባለሽበት እኔ ልግባ» በላት። ጥሩ ሱፐርቫይዘር ከሆነች ደስ ይላታል።

ጥያቄ፦

ካፌ ውስጥ ተከራክረን ነው፣ ተወራርደናል፣ ሴት በቀን 20 ሺህ ቃል ታወራለች ወንድ 7 ሺህ ይላል አንዱ፣ ክፍል ውስጥ አስተማሪም ብሎታል። እውነት ነው?
አምስት ጓደኛሞች

መልስ፦

ያ ቁጥር መሰረት የለውም። ማትያስ ሜልና ባልደረቦቹ በ2007 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት በአሜሪካና በሜክሲኮ 396 ተማሪዎችን መቅጃ አስይዞ ነው የቆጠረው፣ ሴቱም ወንዱም በቀን ወደ 16 ሺህ ቃል። በ2025 ብዙ ሰው የተካተተበት ሌላ ጥናት ሲሰራ ከ25 እስከ 64 አመት ባለው እድሜ ሴቶቹ ወደ 3 ሺህ ቃል ብልጫ አሳዩ፣ በወጣቶቹና በአዛውንቶቹ ላይ ግን እንደዛ ያለ ልዩነት አልወጣም። ያ እድሜ ልጅ ሚያድግበት ነው፣ ህፃን ልጅን ቁርስ አብልቶ ጫማ አስሮ ለማስወጣት ስንት ቃል እንደሚያልቅ እናቶችን ጠይቁ። ውርርዱን ማንም አልበላም፣ ሂሳቡን ተካፈሉ።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ፊልድ አስተባባሪ ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሴት ተማሪዎቼ ኬዝ ሲያቀርቡ «ይመስለኛል»፣ «ምናልባት»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም ግን» ያበዛሉ፣ ወንዶቹ ያላዩትን ሁሉ እንዳዩ አድርገው ቁርጥ አድርገው ይናገራሉ። ሴቶቹን ቆፍጠን በሉ ልበላቸው? ሁለተኛ፣ የቤት ለቤት ጉብኝት ላይ ሴትና ወንድ አጣምሬ ነው ምልከው፣ ቤት ውስጥ ግን ሰዉ ለወንዱ ነው ሚመልሰው፣ ጥያቄውን እሷ ብትጠይቅም። ጥምረቱን ልተወው?
አስተባባሪው

መልስ፦

የመጀመሪያውን ጥያቄ ስላነሱት ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሁሌ ሚጠየቀው ሴቶቹ ምን ጎደላቸው ተብሎ ነው። በርስዎ ደብዳቤ ውስጥ ችግር ያለባቸው ወንዶቹ ናቸው። ያላየውን እንዳየ አድርጎ ሪፖርት ሚያደርግ ሶሻል ወርከር አደገኛ ነው፣ በተለይ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ሚደርስ ከሆነ። አዲስ አበባ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የህፃናት ችሎት ላይ ሶሻል ወርከሮች አሉ፣ ልጁ ከእናት ጋር ይሁን ከአባት ጋር ሲባል የነሱ ጥናት ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። «አባትየው ጠጪ ነው» እና «ጎረቤት ጠጪ ነው አለች» መካከል ያለው ርቀት የአንድ ልጅ ቤት ነው።

የሴቶቹ «ይመስለኛል» ላይ የቆየ ክርክር አለ። ሮቢን ላኮፍ በ1975 ይሄን አይነት አነጋገር የሴቶች ቋንቋ ብላ ገልፃው ነበር። ቀጥሎ ዊልያም ኦባርና ቦውማን አትኪንስ ሰሜን ካሮላይና ፍርድ ቤቶች ውስጥ ምስክሮች እንዴት እንደሚናገሩ ሰምተው በ1980 ሌላ ነገር ይዘው መጡ፣ ባለሙያ ሆና የቀረበች ሴት ሀኪም እንደዛ አትናገርም፣ ማህበራዊ ደረጃው ዝቅ ያለ ወንድ ግን እንደዛ ይናገራል። ከፆታው ይልቅ ችሎቱ ፊት ያለው አቅም ነው ንግግሩን የወሰነው። ይሄ በኛም ሰፈር ይታያል፣ ያ ክፍል ውስጥ ቁርጥ አድርጎ ሚናገረው ልጅ የዲን ቢሮ ሲገባ «ምናልባት ይቅርታ ካላስቸገርኩ» ሲል ይሰሙታል።

ስለዚህ ቆፍጠን በሉ ከማለት ሪፖርቱን ለሁሉም በሶስት ይክፈሉላቸው፣ ያየሁት፣ የተነገረኝና ከነማን እንደተነገረኝ፣ እኔ የገመትኩት። ሴቶቹ ያዩትን ያለ «ይመስለኛል» እንዲናገሩ ያስለምዷቸዋል፣ «ቤቱ ውስጥ አንድ ፍራሽ ነው ያለው» ለማለት ምናልባት አያስፈልግም። ወንዶቹ ደግሞ ግምታቸውን በግምት ቦታ ለማስቀመጥ ይገደዳሉ፣ መጀመሪያ ሰሞን ሶስተኛው ክፍል በጣም ሲረዝምባቸው ያያሉ። ማርክ ሲሰጡም ድምፁን ሳይሆን ክፍፍሉን ይመዝኑ፣ በራስ መተማመን የሚባል የግምገማ መስፈርት ካለዎት እሱን ቢሰርዙት እኔ አልቃወምም።

ጥምረቱን ግን አይተዉት። እንደውም ሀብቱ እሱ ላይ ነው። ቤቱን ያስቡት። አባወራው ሳሎን ወንዱን ተማሪ አስቀምጦ ይፋ የሆነውን ታሪክ ይነግረዋል፣ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ቤቱ የቀበሌ እንደሆነ፣ ችግሩ የኑሮ ውድነት እንደሆነ። ልጅቷ ደግሞ ቡናው ወደሚቆላበት ጠጋ ስትልና ሲኒ ስታቀብል ሌላ ታሪክ ትሰማለች፣ ትልቋ ልጅ አረብ ሀገር እንደሄደችና የላከችው ብር የት እንደገባ፣ ማታ ማታ ምን እንደሚሆን። ሁለቱም የሰሙት እውነት ነው፣ ሁለቱም ግማሽ ነው። ተመልሰው ሲመጡ ለየብቻ እንዲፅፉ አድርገው ከዛ ጎን ለጎን ያስቀምጡት፣ ለግማሽ ቀን ውይይት ሚበቃ ነገር ያገኛሉ። ብዙ ጊዜ ሚሆነው ግን ወንዱ የሳሎኑን በእንግሊዝኛ አሳምሮ ያቀርባል፣ የማጀቱ ወሬ «ሀሜት» ተብሎ ይቀራል፣ ዋናው ኬዝ ያለው ግን እዛ ሆኖ ይገኛል።

ለወንዱ ለሚመለሰው መልስ መድሀኒቱ ከመግባታቸው በፊት ነው። መግቢያው ላይ ወንዱ ራሱ «ጥያቄውን የምትመራው እሷ ናት፣ እኔ እፅፋለሁ» ብሎ ያስተዋውቃት፣ ከዛ አንገቱን ወረቀቱ ላይ ይድፋ። አባወራው ወደሱ ሲመልስ እሱ ወደሷ ይይ። እሷም እርስዎ እያለች፣ ባህሉን ጠብቃ፣ ዳቦ ሲቆረስ ተነስታ እየተቀበለች መምራት ትችላለች፣ አክብሮትና መምራት አይጣሉም። በሚቀጥለው ቤት ይቀያየሩ። እና አንድ ቀን ደግሞ ወንዱን ቡናው ጋ ይላኩት። እናትየው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከሳቁ በኋላ ግን ያወራሉ።

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ፣ ከሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ተመርቄ ብዙ አመት ሌላ ስራ ሰርቼ አሁን እዚህ ሶሻል ወርክ ማስተርስ ጀመርኩ። ክፍሉ ሴት በሴት ነው፣ ወንድ ሶስት ነን። ፕሮፌሰሯ በየሳምንቱ ክብ አስቀምጣን «ምን ተሰማችሁ» እያለች ትዞራለች፣ ሁሉም የግል ህይወቱን ይዘረግፋል፣ እኔ ተራዬ ሲደርስ «ጥሩ ነበር» እላለሁ። በግምገማዬ ላይ «ስሜቱን ይደብቃል፣ የወንድነት ነገር ይታይበታል» ተብሎ ተፃፈብኝ። እኔ እኮ አስተማሪ ፊት ዝም ማለት አክብሮት ነው ብዬ ነው። ምን ላድርግ? በነገራችን ላይ ክፍል የተማርኩትን ቤት ስሞክር ባለቤቴ «እኔ ክላየንትህ አይደለሁም» ትለኛለች።
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ወንድሜ፣ የገባህበትን ክፍል ታሪክ ማወቁ ይጠቅምሃል። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ሙያ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው ያደገው፣ ጄን አዳምስ ከጓደኛዋ ኤለን ጌትስ ስታር ጋር ቺካጎ ውስጥ ሀል ሃውስ የሚባለውን የሰፈር መረዳጃ ቤት በ1889 ከፈተች፣ ሜሪ ሪችመንድ በ1917 ኬዝ እንዴት እንደሚጠና ፃፈች፣ ዛሬም ማስተርስ ክፍል ውስጥ ከ10 ተማሪ 8ቱ ወይ ከዛ በላይ ሴት ነው። ስለራስ ጮክ ብሎ ማሰብ እዛ እንደ ትምህርት መሳሪያ ነው ሚታየው። እኛ ጋ መንገዱ ሌላ ነው፣ ስልጠናው እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ በደርግ ዘመን ተዘጋ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ ሲመልሰው ክፍሉ ውስጥ ወንድ ብርቅ አልነበረም፣ አስተማሪ ፊት የግል ገበናን ማውጣት ደግሞ ለወንድም ለሴትም ነውር ነው። አንድ ያገሬ ልጅ፣ ሴት ብትሆንም፣ እዛ ክብ ውስጥ «ጥሩ ነበር» ነው ምትለው። ፕሮፌሰሯ ወንድነት ያለችው ነገር ውስጥ አስተዳደግ አለ፣ ስደት አለ፣ በሁለተኛ ቋንቋ ስለ ሆድ ነገር ማውራት አለ። ሁሉንም በፆታ ኪስ ውስጥ መክተት ለሷ ቀሏታል።

ግን አንተም ሙሉ በሙሉ አታመልጥም። «ጥሩ ነበር» መልስ አይደለም። የግል ህይወትህን ማውጣት ሳይሆን ስራው አንተ ላይ ምን እንዳደረገ ነው ሚፈለገው፣ ሁለቱ ይለያያሉ። «ያ አዛውንት ስለ ልጃቸው ሲያወሩ አባቴን አስታወሱኝና ቶሎ ርዕስ ቀየርኩ» ካልክ በቂ ነው፣ ከዛ በላይ ማንም የመጠየቅ መብት የለውም፣ ከጠየቁህም «እዚህ ላይ ላቁም» ማለት ይቻላል። በቃል ከከበደህ ቀድመህ በፅሁፍ ላክላት። ደግሞ የግማሽ ሴሚስተር ግምገማ ሳይደርስ ቀጠሮ ያዝና ዝምታህ ካደግክበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ንገራት፣ ለመከላከያ ሳይሆን እንዲገባት፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ክላየንት ነገ ፊቷ ዝም ሲል ያኔ ታስታውስሃለች።

ሌላ ማልደብቅህ ነገር አለ። ክሪስቲን ዊልያምስ የምትባል የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1992 ሴቶች በሚበዙባቸው አራት ሙያዎች ውስጥ የሚሰሩ ወንዶችን አነጋግራ ነበር፣ ነርስነት፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርነት፣ ላይብረሪና ሶሻል ወርክ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ባልደረቦቻቸው ቶሎ ወደ ሀላፊነት እየተገፉ ነው ያገኘቻቸው፣ አንዳንዱ እንደውም ከሰው ጋር መስራቱን እየወደደው ወደ ቢሮ ይገፋል። ዛሬ ክቡ ውስጥ ቀዝቃዛ የተባልክበት ዝምታ ከምርቃት በኋላ «የረጋ ሰው ነው፣ ሀላፊ ይሁን» ሊያስብልህ ይችላል፣ ያንኑ ዝምታ ያላት ሀበሻ ሴት ክላስሜትህ ግን «ዓይን አፋር ናት» እንደተባለች ልትቀር ትችላለች። ያኔ ወንበሩን ሲያቀርቡልህ ከመቀመጥህ በፊት ካንተ በፊት የነበረች ሴት ለምን እንዳልተጠየቀች ጠይቅ።

ስለ ባለቤትህ፣ ልክ ናት። «የምትይው እየገባኝ ነው፣ ትንሽ አብራሪልኝ» እያልክ አታድክማት፣ ሳህኑን እጠብላት።